ካርታው አልተፋቀም፦ በጉልምስና ዕድሜ ዓይናቸውን ስላጡ ሰዎች አንጎል

በነርቭ ሥርዓት ትምህርት ውስጥ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ አንድ የስሜት ሕዋስ ሥራውን ሲያቆም በአንጎል ውስጥ ለእርሱ የተከለለው ሥፍራ ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላል የሚል ነው። ዓይን ከጠፋ የእይታ ሥፍራ ለጆሮና ለጣት ይተላለፋል፤ እጅ ከተቆረጠ የእጅ ሥፍራ በፊት ይወረሳል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ለማስታወስ የቀለለ፣ ከላይ ሲያዩትም ተስፋ ያዘለ ነው። ውስጡን ለመረመረ ሰው ግን ሌላ ፍርድ ይዟል፤ ቦታው ከተወረሰ፣ የጠፋው ስሜት አንድ ቀን ቢመለስ እንኳ የሚያርፍበት አያገኝም ማለት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው፣ ይህ አባባል ለአካለ መጠን በደረሰ ሰው አንጎል ላይ በአብዛኛው እንደማይሠራ፣ ስሕተቱም በመማሪያ ክፍል ብቻ ሳይወሰን፣ እንደ ራቤል ባሉ የደጋ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች በዕድሜ ማምሻቸው ዓይናቸውን ያጡ ሰዎችን ከሕክምና የሚያስቀር መሆኑን ነው።

አባባሉ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዊልደር ፔንፊልድ፣ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ ነቅተው በሚቆዩ ሕሙማን የአንጎል ቅርፊት ላይ መጠነኛ የኤሌክትሪክ ኃይል እያሳረፈ ምን እንደተሰማቸው ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋር ባወጣው ሥራ፣ ሰውነታችን በቅርፊቱ ላይ በተርታ የተዘረጋ መሆኑን አሳየ። የቦታው ስፋት የአካሉን ስፋት አይከተልም፤ የስሜቱን ረቂቅነት ይከተላል። ከንፈርና የእጅ ጣቶች ከጀርባ ሁሉ የሚበልጥ ሥፍራ ይዘዋል። እጅና ፊት በዚህ ካርታ ላይ ወሰንተኞች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ሁሉ በዚያ ወሰን ላይ የተደረገ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1984 ማይክል መርዜኒክና ባልደረቦቹ ጣታቸው የተቆረጠ ጦጣዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ የተቆረጠው ጣት ይዞት የነበረው ሥፍራ ለአጠገቡ ጣቶች መልስ ሲሰጥ አገኙት። ከሰባት ዓመት በኋላ ቲሞቲ ፖንስና ጓደኞቹ ከዚህ እጅግ የገዘፈ ነገር አቀረቡ። ከ12 ዓመታት በፊት የክንዳቸው የስሜት ነርቭ በተቆረጠ ጦጣዎች ውስጥ፣ የክንዱ ሥፍራ በሙሉ አገጭና ፊት ሲነካ መልስ ይሰጥ ነበር። ወሰኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ተገፍቶ ነበር፤ በአንጎል ቅርፊት ሚዛን ይህ ትልቅ ርቀት ነው። በዚያው ዘመን ቪላያኑር ራማቻንድራን እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች ጉንጫቸው ሲነካ በሌለው እጃቸው ላይ እንደሚሰማቸው ጻፈ። ነገሩ የተሟላ መሰለ፤ በመማሪያ መጻሕፍትም እንደ ተዘጋ መዝገብ ሰፈረ።

መዝገቡ ግን እንደገና ተከፍቷል። ታማር ማኪንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ እጃቸውን ያጡ ሰዎች የሌለውን እጅ እንዲያንቀሳቅሱ ሲጠየቁ፣ የቀድሞው የእጅ ሥፍራ እንደ ጥንቱ ሥራውን ሲሠራ አዩ፤ በሌለው እጅ ላይ የሚሰማው ሕመም የበረታባቸው ሰዎች ደግሞ የእጅ ሥፍራቸው የበለጠ ተጠብቆ የቆየላቸው ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በሕንድ የኒራጅ ጄይን ቡድን፣ ፖንስ ካየው ጋር የሚመሳሰለው የፊት መስፋፋት የሚመነጨው ከአንጎል ቅርፊት ሳይሆን ከታች ከአንጎል ግንድ መሆኑን በጦጣዎች ላይ አሳየ። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 በኔቸር ኒውሮሳይንስ የወጣው ሥራ ነው። ሦስት ሰዎች እጃቸው ከመቆረጡ በፊት አንጎላቸው ተነሣ፤ ከተቆረጠም በኋላ እስከ አምስት ዓመት ድረስ እየተደጋገመ ተነሣ። የእጁ ካርታ ከነጣቶቹ አቀማመጥ በቦታው ነበር፤ የከንፈር ሥፍራም ወደ እጁ አልተሻገረም። ሦስት ሰው ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። ቀደም ያሉት ጥናቶች ግን አካሉን ያጣውን ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲያስተያዩ፣ ይህኛው ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር አስተያይቷል፤ እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አይታየኝም።

በዓይንም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ስቴሊዮስ ስሚርናኪስና ባልደረቦቹ ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሱ ጦጣዎችን የዓይን ሬቲና በከፊል ጎድተው፣ ከዚያ ሥፍራ መልእክት ይቀበል የነበረውን የአንጎል ክፍል ለሰባት ወር ተኩል ተከታተሉት። ሥፍራው ዝም አለ እንጂ ለሌላ አላደረም።

የመንዝንና የግሼን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስተኛ አገሩን ጥሎ ቢሄድ መሬቱን ዘመድ ያርሰው ነበር፤ ማረስ ግን ባለቤት መሆን አልነበረም። የሄደው ሰው ወይም ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ፣ በአባት በእናቱ ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ምሳሌን ከልኩ በላይ መለጠጥ አይገባም፤ ነገር ግን በተራ ንግግር «ተወርሷል» የምንለው የአንጎል ሥፍራ፣ እኔ እንደምረዳው፣ በአብዛኛው «እየታረሰ ያለ» ወይም «ጦም ያደረ» ነው።

እዚህ ላይ ዋናውን ልዩነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከላይ የተባለው ሁሉ የሚመለከተው ካርታው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስሜቱን ያጣውን ሰው ነው። ካርታው ገና ሳይሠራ ለሚያጣ ሕፃን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1981ን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ዊዝል፣ አንድ ዓይኗ በጨቅላነቷ ለጥቂት ሳምንታት የተሸፈነ ድመት ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ በዚያ ዓይን እንደማታይ፣ የአደገች ድመት ዓይን ግን ለረጅም ጊዜ ቢሸፈንም ምንም እንደማይሆን አሳይተዋል። ሊዮናርዶ ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በሕፃንነታቸው የታወሩ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ የእይታ ሥፍራቸውን በመግነጢሳዊ ምት ቢያውኩት ንባባቸው ተሳሳተ፤ ሥፍራው በእርግጥ ለጣት እየሠራ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ሙከራ ከ14 ዓመታቸው በኋላ በታወሩ ሰዎች ላይ ሲደግሙት ንባቡ አልታወከም።

ስለ ዓይነ ሥውራን ያለን አገራዊ ግንዛቤ ሁለቱን ሰዎች ለይቶ አያውቅም። አንዱን የነሣ አምላክ ሌላውን አብልጦ ይሰጣል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ለዚህ እምነት ምስክር ሆነው የሚቆሙት ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ናቸው። ቅኔውን፣ ዜማውንና ትርጓሜውን በቃላቸው ይዘው ወንበር የዘረጉ ዓይነ ሥውራን የኔታዎች በደጋው ሁሉ ታውቀዋል፤ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት አለቃ አያሌው ታምሩም በሊቅነታቸው በአገር የታወቁ ነበሩ። ይህ ተረት አይደለም። አሚር አሜዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ዕውር ሆነው የተወለዱ ሰዎች ቃላትን ከትዝታቸው ሲያወጡ የእይታ ሥፍራቸው ይሠራል፤ ሥፍራው አብልጦ የሠራላቸውም አብልጠው ያስታውሳሉ። የአብነቱን ሊቅ ከዚህ ግኝት አጠገብ ሳስቀምጠው አድናቆቴ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ነገር ግን የኔታ ዓይናቸውን ያጡት በሕፃንነት ነው፤ ከዚያም በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ጀምረው ሌት ተቀን በቃል ሲያጠኑ ኖረዋል። በ55 ዓመቱ ዓይኑ የጠፋበት የግሼ ገበሬ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱንም አላገኘም። የእርሱ ጆሮ በራሱ ጊዜ ይሳላል ብሎ መጠበቅ፣ የአንዱን ሰው ጸጋ በሌላው ሰው ላይ እንደ ዕዳ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ቦታ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የዓይነ ሥውርነት፣ የእይታ ድክመትና የትራኮማ ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ሥውር መሆኑን አሳይቷል። ከመንሥኤዎቹ ግማሽ ያህሉን ማለትም 49.9 በመቶውን የያዘው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ትራኮማ በዓይን ብሌን ላይ የሚተወው ጠባሳ 11.5 በመቶ ይከተላል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ተጠቂዎች ናቸው። በትራኮማ ደግሞ የአማራ ክልል በአገሪቱ እጅግ ከተጎዱት ቀዳሚው ነው። እነዚህን ቁጥሮች በአንጎል ካርታ ዓይን ስናነባቸው የሚወጣው ነገር ይህ ነው፦ ከዓይነ ሥውራኖቻችን የሚበዙት ለዓመታት አይተው፣ ካርታቸውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ያጡ ናቸው። የጠፋባቸው በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

ሆኖም በራቤል ዙሪያ ስለ አንዲት አሮጊት የሚባለውን ያዳምጧል። «ዓይኗ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ አሁን ቢከፈትስ ምን ልታይበት?» ይላል ልጅ፤ ጎረቤትም ይስማማል። የዓይን ሕክምና ዘመቻ መጣ ሲባል በቅርቡ ማየት የተሳናቸው ይሄዳሉ፤ ስምንትና አሥር ዓመት የቆዩት በደጃፍ ይቀራሉ። እኔ ራሴ የማውቃቸው አንዲት እናት እንዲህ ቀርተው ነበር። እኚህ ሴት የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ የአገሬው ባና የሚሠራበትን ፈትል ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም በጣታቸው እየለዩ፣ ውፍረቱ ሳይዛነፍ ያወጡታል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ጣቷ ዓይን ሆነ» ይላል። ጣታቸው ግን ዓይን አልሆነም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲፈትል የኖረ ጣት ነው። ችሎታው የቆየ ነው፤ የጨመረው ትኩረት ነው። ይህን የመሰለው የተሳሳተ አድናቆት «እግዜር ክሷታል» ወደሚል መጽናኛ ይለወጥና ወደ ሐኪም የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል።

ሳይንሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። በሞራ ምክንያት ለአሥር ዓመት ያላየ አዋቂ የእይታ ሥፍራው አልተፋቀም። ሬቲናውና የእይታ ነርቩ ጤነኛ ከሆኑ፣ የጨለመው ሌንስ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ሲተካ ብርሃኑ ወደ ነባር ቤቱ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ፋሻው በማግስቱ ሲፈታ ሰዎች የልጆቻቸውን ፊት ያውቃሉ። ካርታው እየታደለ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር፤ በየዘመቻው በየዓመቱ የሚታየው ነገር ከማንኛውም የላቦራቶሪ ሙከራ ያላነሰ ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕድሉ የሌለበትም ሁኔታ አለ፤ ግላኮማ የእይታ ነርቩን ከገደለው መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ የለም። ይህን የሚወስነው ግን ምርመራ ነው። የባትሪ ብርሃን ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለይቶ መናገር የሚችል ሰው ለሐኪም ሳይታይ «ሞቷል» ሊባል አይገባም። የዓይን ብሌናቸው በትራኮማ የጠቆረባቸውም ቢሆኑ መንገዳቸው የጠበበ እንጂ የተዘጋ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከተቋቋመበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የብሌን ንቅለ ተከላ በአገራችን ይሠራል። ጠባሳው ከመድረሱ በፊት የተቀለበሰውን የዓይን ቆብ ማስተካከል እንደሚሻል ግን መናገር አያስፈልገኝም።

ጊዜ የማይሰጠው ሕፃኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ማስረጃው ከራሳችን ልጆች የመጣ ነው። አየሌት ማክይተን፣ ኤሁድ ዞሃሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለቱም ዓይኖቻቸው ከሕፃንነት ጀምሮ ሞራ የነበረባቸውና ዘግይተው የታከሙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን መርምረዋል። ልጆቹ ከሕክምናው በኋላ ቀለምን፣ መጠንን፣ ቀላል ጠፍጣፋ ቅርጽን ይለዩ ነበር። አንዱ ነገር ሌላውን በከፊል ሲሸፍነው ወይም ቅርጹ በጥላና በብርሃን ብቻ ሲገለጥ ግን ይቸገራሉ። ዓይናቸው ብርሃን ይቀበላል፤ ብርሃኑን ወደ ነገር የሚለውጠው አሠራር በወቅቱ አልተገነባም። ልጅ በሞራ ተወልዶ «ትንሽ ይደግና ይታከማል» ሲባል የሚጠፋው ይህ ነው። ስለዚህ በእኛ ቀበሌዎች ያለው ልማድ ተገልብጧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፦ መቸኮል ያለበትን ሕፃን እናቆየዋለን፤ መቼም ቢሄድ የማይዘገይበትን አዛውንት አለፈበት ብለን እንተወዋለን።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዳንድ አስተማሪዎቻችን፣ ለውጥ የለም ከተባለ ተሐድሶ ሕክምና ምን ትርጉም አለው ይላሉ፤ በስትሮክ የደከመ እጅ በልምምድ ሲበረታ እናያለንና። የእኔ መልስ፣ መማርና ካርታ መለዋወጥ አንድ አይደሉም የሚል ነው። ሎትፊ ሜራቤትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓይናቸው ጤነኛ የሆኑ አዋቂዎችን ለአምስት ቀን ዓይናቸውን ሸፍነው ብሬል አስተማሯቸው። በአምስተኛው ቀን የእይታ ሥፍራቸው ለመዳሰስ መልስ ሰጠ፤ ሽፋኑ በተነሣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ጠፋ። በአምስት ቀን አዲስ የነርቭ መንገድ አይጠረግም፤ ነባር የነበረና የተዘጋ ቀጭን መተላለፊያ ነው የተከፈተው። የአዋቂ አንጎል የሚለወጠው በዚህ ዓይነት፣ ባለው ነገር በመጠቀም፣ በልምምድም ነው። ይህ አስተያየት ለተሐድሶ የበለጠ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ ሥራ አያሳጣውም፤ አንጎል በራሱ ጊዜ ያስተካክለዋል ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ያስገድደናልና።

ዓይናቸው በሕክምና የማይመለስላቸው አዋቂዎች የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ነው። በነጭ በትር መሄድ፣ በድምፅ አቅጣጫ መለየት፣ ቤትን በመዳሰስ ማደራጀት በትምህርት የሚገኙ ችሎታዎች ናቸው። ያሉን እንደ ሰበታ ያሉ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤቶች ለልጆች የተሠሩ ናቸው፤ በ60 ዓመቱ ዓይኑን ያጣ ሰው የሚማርበት ቦታ በወረዳ ደረጃ ሲታሰብ አልሰማሁም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየውና እስከ ሰሜን ሸዋ በዘለቀው ጦርነት እጅና እግራቸውን ያጡ ወጣቶችንም በዚሁ አንጻር መመልከት ይገባል። የሌለ እጁ እንደሚያሳክከው ወይም እንደሚጠዘጥዘው የሚናገር ወጣት አእምሮው አልተነካም፤ መንፈስም አልሰፈረበትም። የእጁ ካርታ በቦታው አለ፤ ይህን ብቻ በቅጡ የነገረው የጤና ባለሙያ ግማሽ ጭንቀቱን ያቃልልለታል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ተቋም ይሠራ አልልም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ዘመቻ ሲቃረብ ቤት ለቤት እየዞሩ ማየት የተሳናቸውን ይመዘግባሉ። በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ማየት ያቆሙት በስንት ዓመታቸው ነው?» የሚል። መልሱ ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ዘመቻ ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላክ። መልሱ 40፣ 50 ወይም 60 የሆነ ሰው ደግሞ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመትም ይሁነው ሃያ ስሙ ከዝርዝሩ አይሠረዝ፤ ባለሙያዋም ለልጆቹ፣ የእናታችሁ ዓይን የቆየ ቢሆንም ሳይመረመር አይተውም ብላ በራሷ አንደበት ትንገራቸው። የሚጨምረው ሥራ በአንድ ቤት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው።